«የግንዛቤ እጥረት» ከሚለው ሐረግ በስተጀርባ፦ ጤናና ሕመም በማኅበራዊ ሳይንስ ሲጠኑ

ስለ ጤና የሚጻፉ ሪፖርቶችን የሚያነብ ሰው «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ሐረግ ሳያገኝ አንድ ምዕራፍ አይጨርስም። እናቶች ጤና ጣቢያ ሄደው ያልወለዱት በግንዛቤ እጥረት ነው፤ ገበሬው ጫማ ያላደረገው በግንዛቤ እጥረት ነው፤ ሕመምተኛዋ መድኃኒቷን ያቋረጠችው በግንዛቤ እጥረት ነው ይባላል። ሐረጉ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ጥያቄው ገና ሊጀመር ሲገባ ይዘጋዋል፤ ጥፋቱንም በአንድ ቃል ከሥርዓቱ ላይ አንሥቶ በሕመምተኛው ላይ ይጭነዋል። የሕክምና አንትሮፖሎጂ (ሕመምንና ፈውስን ከሰዎች ባህልና ኑሮ ጋር አያይዞ የሚያጠናው)፣ የጤና ሶሺዮሎጂ (ጤናን ከማኅበረሰቡ አደረጃጀት አንጻር የሚያጠናው)፣ ከእነርሱም ጋር አብረው የሚሄዱት የኢኮኖሚክስና የሥነ ምግባር ጥናቶች ሥራቸውን የሚጀምሩት ይህ ሐረግ ካቆመበት ቦታ ነው። ነገሩን በደፈናው ከመተረክ ይልቅ በአንድ በሽታ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋማ አካባቢዎች በተለምዶ ዝሆኔ እየተባለ የሚጠራ፣ ከጉልበት በታች እግርን የሚያሳብጥ በሽታ አለ። በሕክምናው ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ስሙ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። በቆላ ከሚታየውና በትንኝ በሚተላለፍ ትል ከሚመጣው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት የሚለየው ትልም፣ ባክቴሪያም፣ ቫይረስም የሌለበት በመሆኑ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ አንድ ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ፣ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣሉ፤ ቱቦዎቹም ቀስ በቀስ እየጠበቡና እየተዘጉ ሲሄዱ በውስጣቸው ሊመለስ የሚገባው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ እግሩ ያብጣል። ይህን ምክንያት በ1970ዎቹ ያብራራው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ብሪታኒያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ እግርን ከአፈር በመጠበቅ ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል፤ በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮችም ሕዝቡ ጫማ ማድረግን ሲያዘወትር ጠፍቷል።

በሌላ አነጋገር የሕክምናው ጥያቄ በአመዛኙ ከተመለሰ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሆኖም በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የሚሠቃዩት ሰዎች ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል፤ በ2013 የተካሄደው አገር አቀፍ የካርታ ሥራም 345 ወረዳዎች በሽታው የሚገኝባቸው መሆናቸውን አመልክቷል። ምክንያቱ ታውቆ፣ መከላከያው ጫማ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ሕዝብ ለምን ይታመማል? ለዚህ ጥያቄ ማይክሮስኮፕ መልስ የለውም።

የመጀመሪያው መልስ ድህነት ነው፤ እርሱም ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። አንድ ጠያቂ በመጠይቁ ላይ «አባባ፣ ጫማ አለዎት?» ብሎ ቢጠይቅ ሽማግሌው «አለኝ» ይላሉ፤ መልሱ ተመዝግቦ በሠንጠረዥ ውስጥ ጫማ ካላቸው ወገን ይቆጠራሉ። ሌላው አጥኚ ግን «ጫማዎን መቼ መቼ ነው የሚያደርጉት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ጫማው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለለቅሶ የተቀመጠ ነው። በእርሻ ላይ አይደረግም፤ ምክንያቱም በክረምት ጭቃው ከሥሩ ተለጥፎ ይከብዳል፣ በትልሙ ውስጥ ያንሸራትታል፣ አንድ የእርሻ ወቅትም ሳይጨርስ ይቀደዳል። በእጁ ይዞት የመጣውን ጫማ ከተማው መግቢያ ላይ ካለው ወንዝ እግሩን ታጥቦ አጥልቆ ወደ ገበያ የሚገባ ሰው ማየት በገጠር ላደገ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ሰው ጫማ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ጫማው ግን በእርሱ ኑሮ ውስጥ የክብር ልብስ ነው እንጂ የሥራ መሣሪያ አይደለም። አፈሩ ከእግሩ ጋር የሚገናኘው ደግሞ በሥራው ሰዓት ነው።

የጫማው ዓይነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኪስ የሚችለው ኮንጎ ጫማ ቀዳዳ ያለው ነው፤ በረባሶም ጣቶቹንና የእግሩን ጀርባ ክፍት ይተዋል፤ ሁለቱም አፈሩን አያስቀሩም። እግሩ አስቀድሞ ያበጠ ሰው ደግሞ ገንዘብ ቢኖረው እንኳ ገበያ ላይ የሚበቃው ጫማ አያገኝም። በወላይታ ለእነዚህ ሕመምተኞች የተቋቋመው ድርጅት በልክ የሚሠራ ጫማን ከሕክምናው ጋር አያይዞ መስጠቱ ይህን ከማየት የመጣ ነው። እንግዲህ «ጫማ አድርጉ» የሚለው ምክር በውስጡ ስንት ነገር እንዳለ ልብ ይሏል፦ ዋጋ፣ የአፈሩ ጠባይ፣ የሥራው ዓይነት፣ የጫማ ሠሪው እጅ፣ ጫማ በሰው ፊት ያለው ክብር። እነዚህን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያወጣው ሰዎቹን ተከትሎ ማሳ ድረስ የወረደ አጥኚ ነው።

ሕክምናውም እንዲሁ ነው። ያበጠውን እግር በየቀኑ በሳሙና አጥቦ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ከዚህ የሚበዛ ነገር የለውም። ይህን አዘውትሮ ያደረገ ሰው እብጠቱ ይቀንስለታል፤ ሕመምተኛውን ከትኩሳት ጋር ለቀናት የሚጥለው ድንገተኛ ቁስለትም እየራቀ ይሄዳል። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ነገር ግን እግሯ ያበጠ እናት በየቀኑ ለእግሯ ብቻ የሚሆን ውኃ ከምንጭ ተሸክማ መምጣት አለባት፤ የሚሸከመው ያው የታመመው እግር ነው። በበጋ ምንጩ ሲርቅ ከአንድ ጄሪካን ውኃ ውስጥ ለእግሯ የምታውለው ከወጥ፣ ከቡናና ከልጆቿ ፊት ላይ የምትቀንሰውን ነው። ሳሙናውም ቢሆን ልብስ ከሚታጠብበት ላይ የሚቆረስ ነው። ይህች ሴት ሕክምናውን ብታቋርጥ ካርዷ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ መገመት አያዳግትም።

ከውኃውና ከጫማው የሚከብደው ግን መገለሉ ነው። ስለ በሽታው መነሻ በየአካባቢው የሚባለው ብዙ ነው፤ እርግማን ነው፣ የእባብ አጥንት መርገጥ ነው፣ በዘር የሚወርድ ነው፣ በመጠጋጋት የሚተላለፍ ነው ይባላል። ከዚህ የተነሣ ሕመምተኞች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ በዕድርና በማኅበር ከሰው ተነጥለው ይቀመጣሉ፤ እነርሱ ብቻ ሳይሆኑ ጤነኛ እኅታቸውና ወንድማቸው ሳይቀሩ ለትዳር አይጠየቁም። ስለዚህም ብዙ ሰው ሕመሙ ሲጀምረው፣ ማለትም ሕክምናው በቀላሉ ሊይዝለት በሚችልበት ጊዜ ይደብቀዋል። ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ማለት በአደባባይ «እኔ የዚያ በሽታ ሰው ነኝ» ማለት ነውና።

እዚህ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው አባባል ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። በወላይታ ዞን የጤና ባለሙያዎችን አስተያየት የመረመረና በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጠየቁት ባለሙያዎች ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ስጽፍ ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ በሽታው በሥልጠናቸው ውስጥ በቂ ቦታ አልነበረውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር ያነሣው ገና በ2011 ነው። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ግንዛቤ የሚጎድለው «ማኅበረሰቡ» ነው ብሎ የሚነሣ ጥናት ይህን አያገኘውም፤ ምክንያቱም ባለሙያውን መጠየቅ አስፈላጊ መስሎ አይታየውም። ማኅበራዊ ሳይንስ ለሕክምና ከሚሰጣቸው ትልልቅ ስጦታዎች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ሐኪሙንም፣ ሆስፒታሉንም፣ የጤና ቢሮውንም እንደ ገበሬው መንደር ሁሉ የራሳቸው እምነትና ልማድ ያላቸው ማኅበረሰቦች አድርጎ ያጠናቸዋል።

ኢኮኖሚስቶችም የየራሳቸውን ጨምረዋል። በ2006 የታተመ ስሌት፣ የዚያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረበት የወላይታ ዞን በሽታው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ፣ ሕመምተኞቹም ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጡ አሳይቷል። በሽታው ሰውን ቶሎ ስለማይገድል በሞት መዝገብ ላይ እምብዛም አይታይም ነበር፤ በገንዘብ ሲሰላ ግን ባለሥልጣናት ሊያልፉት የማይችሉት ሆነ።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ዘርፉ መሠረታዊ ሐሳብ መምጣት እንችላለን። በአማርኛ «በሽታ» እና «ሕመም» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን፤ በዕለት ንግግር ብንቀላቅላቸውም ልዩነታቸው ጠቃሚ ነው። በሽታ ሐኪሙ በምርመራ የሚያገኘው፣ በሰውነት ውስጥ የደረሰው ጉዳት ነው። ሕመም ደግሞ ሰውየው የሚኖረው ነው፤ ሥቃዩ፣ ፍርሃቱ፣ ያጣው የሥራ ቀን፣ የጎረቤቱ ዐይን፣ ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት። ይህን ልዩነት በ1970ዎቹ መጨረሻ በሕክምና ትምህርት ውስጥ በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት የሆነው አሜሪካዊው አርተር ክላይንማን ነው። ሐኪሞች ሕመምተኛውን ምን እንዳመጣበት እንደሚያስብ፣ ለምን በዚያን ጊዜ እንደጀመረው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቁ መክሯል። ጥያቄዎቹ ለጨዋነት ብቻ የሚቀርቡ አይደሉም። እርግማን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሳሙናና ውኃ ሲታዘዝለት «ይህ ከእኔ ችግር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ቢተወው፣ በራሱ መነሻ ሲታይ አስተሳሰቡ የተያያዘ ነው፤ መነሻው ሳይነካ ውጤቱን ብቻ ማረም ደግሞ አይቻልም።

ቋንቋ በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እጁን ከደረቱ በታች፣ ከጨጓራው አፍ ላይ አድርጎ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። «ሆዴ ባባ» ያለችው ሴት የአንጀት ምርመራ አያስፈልጋትም፤ «ብርድ መታኝ» ያለውም ስለ አየሩ ብቻ እየተናገረ አይደለም። በአዲስ አበባ ያለ ሐኪም ይህን ከእናቱ ቤት ይዞት ይመጣል። በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን አንድ ወጣት አስተርጓሚ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ቢመልሰው ግን ሐኪሙን በቀጥታ ወደ ልብ ምርመራ ሊመራው ይችላል። አረጋውያን ወላጆቻቸውን ይዘው ሐኪም ቤት የሚሄዱ በውጭ ያሉ ልጆች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን እጁ ያረፈበትን ቦታ ጭምር መተርጎም ያስፈልጋል።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1848 የፕሩሺያ መንግሥት ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለውን ወጣት ሐኪም በላይኛው ሲሌዝያ የተነሣውን የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲመረምር ላከው። ይዞ የተመለሰው ሪፖርት ስለ ትኩሳቱ ብቻ የሚያወራ አልነበረም፤ ረኃብን፣ የተጨናነቀ መኖሪያን፣ የትምህርት ዕጦትንና ሕዝቡን የዘነጋ አስተዳደርን ለወረርሽኙ ምክንያት አድርጎ አቀረበ፤ መፍትሔውም ትምህርት፣ ነፃነትና የተሻለ ኑሮ ነው ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሕክምና ማኅበራዊ ሳይንስ ነው ሲል የጻፈውም እርሱ ነው፤ ኋላም የዘመናዊ ፓቶሎጂ፣ ማለትም በሽታ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ የሚመረምረው ጥናት፣ አባት ከሚባሉት አንዱ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ ወሊድ ነው። በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያብራሩ ሦስት መዘግየቶችን ለይተው አስቀመጡ፦ እርዳታ ለመፈለግ በቤት ውስጥ የሚደረገው ውሳኔ መዘግየት፣ ተቋሙ ጋ ለመድረስ የሚደረገው ጉዞ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት የሚደረገው መዘግየት። ከሦስቱ ሁለቱ ከእናቲቱ ዕውቀት ጋር እምብዛም ግንኙነት የላቸውም። መንገድ በሌለበት በቃሬዛ የተሸከሟት ጎረቤቶቿ ሁሉንም ቢያውቁ መንገዱ አያጥርም፤ ደርሳ ደም ካጣችም ዕውቀቷ ደም አይሆንላትም።

የመጀመሪያው መዘግየትም ቢሆን ቀርበው ሲያዩት ሌላ መልክ አለው። በቤቷ የምትወልድ ሴት በእናቷና በጎረቤቶቿ ተከባ፣ «ማርያም ማርያም» እየተባለላት፣ ሰውነቷ እንዳዘዛት ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ትወልዳለች፤ ገንፎው ወዲያው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። በጤና ተቋም ግን እናቷ በር ላይ ትቀራለች፤ እርሷ ለማታውቀው ሰው፣ አንዳንዴም ለወንድ፣ ከፍ ባለ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ትገለጣለች፤ ስትጮኽ የምትቆጣት ትኖራለች። በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች ሴቶቹ ራሳቸው እነዚህን ምክንያቶች እንደሚጠቅሱ አሳይተዋል። በቤት መውለድ አደገኛ ነው፤ ይህን ማለባበስ አይገባም። ሴቶቹ የሸሹት ግን ደኅንነትን ሳይሆን ብቸኝነትንና ውርደትን ነበር። ይህ ሲታወቅ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና ማዘጋጀት፣ ቤተሰብ ማስገባት ጀመሩ፤ ርኅራኄና አክብሮት የተሞላበት አገልግሎት የሚለው ሐሳብም በአገር አቀፍ የጤና ዕቅድ ውስጥ ገባ። በጉራጌ ዞን የአጣጥ ሆስፒታል ሩቅ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበትን ማቆያ የከፈተው ደግሞ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ በ1976 ነው። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደርሰዋል። ለውጡ የገንፎ ብቻ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንስ፣ መንገድና ነፃ አገልግሎት ሁሉ አሉበት። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል እናቲቱን «አታውቅም» ብሎ በመደምደም ብቻ የመጣ አንድም የለም።

ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒትም ሌላ አስተማሪ ጉዳይ ነበሩ። መድኃኒቱ በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር በጠበል ቦታዎች ያሉ ብዙ ሕመምተኞች ሁለቱን አብሮ መውሰድ እምነት ማጉደል መስሎ ታያቸው። በዚህ ላይ ሳይንስን ከእምነት ጋር አጋጥሞ የሚከራከር ትምህርት ቢደረግ ኖሮ ሰዎቹ የትኛውን እንደሚመርጡ ግልጽ ነው። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ግን ሕመምተኛው ከሁለት አንዱን ለመምረጥ የማይገደድበት መንገድ ተከፈተለት።

ዘርፉ የራሱ አደጋም አለው። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ትቶ «ባህላቸው ነው» ማለት ያው ስሕተት ነው፤ ውኃ የሌላትን ሴት እግሯን ያላጠበችው በባህሏ ምክንያት ነው ማለት የውኃውን ነገር ይሰውረዋል። ጥሩ አጥኚ ባህልን የሚያነሣው ዋጋን፣ ርቀትንና ሥልጣንን ከመረመረ በኋላ ወይም ከእነርሱ ጋር አያይዞ ነው። ጥቂት ሰዎችን ቀርቦ የሚያዳምጥ ጥናት ስንት ሰው እንደዚያ እንደሆነ አይነግረንም፤ ብዙ ሰው የሚቆጥረው ደግሞ ለምን እንደሆነ አይነግረንም፤ ሁለቱ አንዱ ለሌላው ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ወደዚያው እግር ልመለስ። በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱት ሁሉ የሚታመመው ከፊሉ ብቻ ነው፤ በሽታውም በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ተመራማሪዎች ስለዚህ የዘረመል ጥናት ለማድረግ ሲነሡ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ መንደሩ «በዘራቸው አለ» እያለ በሚያገልባቸው ቤተሰቦች በር ላይ ደም ለመቀበል ቆሞ «ዘራችሁን ልናጠና ነው» ማለት የመገለሉን ነገር በሳይንስ ማኅተም ማጽናት ሊሆን ይችላል። በወላይታ አስቀድሞ የተደረገ የቃለ መጠይቅና የውይይት ጥናት ሰዎቹ በትክክል ይህንኑ እንደሚፈሩ አሳየ። ስለዚህም ወደ ቤታቸው ሲኬድ የሰው ዐይን ሳይስቡ እንዲሆን፣ ሕመምተኞቹ የሚያውቋቸውና የሚያምኗቸው የሕክምና ሠራተኞች መካከል እንዲገቡ፣ ለማኅበረሰቡም ስለ በሽታው መነሻ አስቀድሞ እንዲነገር ተመከረ። የዘረመል ጥናቱ ውጤት በ2012 ታተመ፦ በሽታን ከመከላከል ሥርዓት ጋር የተያያዙ የተወሰኑ ዘረመሎች አንዳንዱን ሰው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ ያደርጉታል። ዘረመሉ ያለበት ልጅም ቢሆን እግሩን አፈሩ ካልነካው አይታመምም።